ከመውጫው ቀን ወዲያ፦ የሱስ ሕክምና የሚላላበት ቦታ

ከሱስ ማገገሚያ ማዕከል የሚወጣ ሰው የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የታዘዘለት መድኃኒት፣ «ሕክምናውን አጠናቋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ፊርማና ማኅተም ይኖሩበታል። ከግርጌ «ቀጣይ ክትትል» የምትል መስመር አለች፤ እሷ ወይ ባዶ ናት፣ ወይ የአንድ ተመላላሽ ክሊኒክ ስልክ ቁጥር ብቻ ሰፍሮባታል። ሰውየው ሲገባ ያስረከበው ስልክ ይመለስለታል፤ ሲከፍተው የቀድሞ አቅራቢው ቁጥርም፣ አብረውት ይወስዱ የነበሩት ጓደኞቹ ቁጥርም እንደነበሩ አሉ። የክሊኒኩ ቁጥር ግን ገና አልተመዘገበም፤ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው።

ስለ ሱስ ሕክምና ድርጅቶች ሲወራ ክርክሩ የሚያተኩረው በግቢው ውስጥ በሚሆነው ነገር ላይ ነው፤ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ፣ ምክሩ በግል ይሁን ወይስ በቡድን፣ ቆይታው አንድ ወር ይሁን ወይስ ሦስት። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። ነገር ግን ሰው ከእጅ የሚያመልጠው በአብዛኛው በአንድ ተቋም ውስጥ ሳለ ሳይሆን በሁለት ተቋማት መካከል ነው፤ ከሆስፒታል ወደ ክሊኒክ፣ ከእስር ቤት ወደ ቤቱ፣ ከማገገሚያ ወደ ሥራው ሲሻገር። ስለዚህ የአንድ ድርጅት ጥራት የሚታወቀው በዚያች የግርጌ መስመር ላይ በሚጻፈው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተጻፈ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግ በመመልከት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ በከፊል የሰውነት ጉዳይ ነው። ሄሮይን ወይም ሌላ የኦፒዮይድ ዓይነት፣ ማለትም ከሞርፊን ወገን የሆነ ዕፅ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ መጠኑን እየለመደ ስለሚሄድ፣ ሌላውን ሰው የሚገድለው መጠን ለእሱ ሐራራውን ከማስታገስ አያልፍም። ለጥቂት ሳምንታት ሲያቆም ያ መልመድ ይጠፋል፤ ፍላጎቱ ግን አብሮት አይጠፋም። በወጣ በሦስተኛው ቀን ተሸንፎ የድሮውን መጠን ቢወስድ፣ የወሰደው አሁን ለሌለው ሰውነቱ የተለካ መጠን ነው። ትንፋሹ ይዘገያል፤ አጠገቡ ሰው ከሌለ ደግሞ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለኦፒዮይድ ሱስ ተኝተው የታከሙ 137 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስቱም ሰዎች ሕክምናውን በሚገባ ከጨረሱት ወገን ሆነው ተገኙ። አቋርጠው የጠፉት ሳይሆኑ፣ ተቋሙ በስኬት የመዘገባቸው ናቸው የሞቱት። ሦስት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለብቻው ብዙ አያስደፍርም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተለቀቁ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት ያንኑ ነገር በሰፊው አሳየ። በተለቀቁባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ 12.7 እጥፍ፣ ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የመሞት አደጋቸው ደግሞ 129 እጥፍ ነበር። እስር ቤትና ማገገሚያ አንድ አይደሉም፤ በዚህ በኩል ግን ሰውነት በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም።

እዚህ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው መውጫው በር ጋ ቀርቶ መግቢያውም ጋ እንዳልደረሰ መናገር ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ በ2022 ዕፅ ከተጠቀሙት 292 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 64 ሚሊዮኑ ለሕመም ደረጃ የደረሰ ችግር እንዳለባቸውና ከእነዚህም ሕክምና ያገኘው ከ11 አንዱ ብቻ እንደሆነ ገምቷል። ከወንዶች ከ7 አንዱ፣ ከሴቶች ግን ከ18 አንዷ ብቻ ናት የታከመችው። ይህን ልዩነት ለመረዳት የአንድ ማገገሚያ የመቀበያ ቅጽ ማየት በቂ ነው፤ ልጆች ያሏት እናት ለሁለት ወር የት ትተዋቸው እንደምትገባ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ገብታ ሱስ እንዳለባት ማመኗ ልጆቿን የማሳደግ መብቷን ሊያሳጣት እንደሚችልም ታውቃለች፤ ስለዚህ አትመጣም። አልኮል ሲጨመር ስፋቱ ሌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከአልኮል ጋር የተያያዘ የጤና መታወክ እንደነበረባቸው፣ በዚያው ዓመት 2.6 ሚሊዮን ሞትም ከአልኮል ጋር የተያያዘ እንደነበር አስታውቋል።

በሕዝብ ዘንድ ሕክምና ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ዲቶክስ፣ ማለትም ሰውነት ከዕፁ ወይም ከመጠጡ እስኪላቀቅ ድረስ የሚሰጠው የቀናት እንክብካቤ ነው። ይህ ደረጃ ለአንዳንዶች የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ልቡ በኃይል መምታት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊጥለው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር እያየ፣ ያለበትን እየሳተ ወደ ሞት ሊያደርስ የሚችል መቃዠት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችና ቫይታሚን ቢ1 በወቅቱ ከተሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ ይከላከሉለታል። ስለዚህ አንድ መጠጥ ያስቆማል የሚባል ድርጅት፣ ዓላማው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ሐኪም ወይም ነርስ ሳይኖረው ጠጪውን ክፍል ዘግቶ «ይጽና» የሚል ከሆነ አደገኛ ቦታ ነው። ይህን በለዘበ ቃል መግለጽ አልፈልግም።

ነገር ግን ዲቶክስ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ሕክምናው ራሱ አይደለም። ሐራራው ያለፈለት ሰው ሱሱ አለቀለት ማለት አይደለም፤ ስብራቱ ቀዝቅዞ ሕመሙ ስለጠፋለት አጥንቱ ገጠመ ማለት እንደማይቻል ሁሉ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ከብዙ ተቋማት የበለጠ ያውቃል። «አገረሸበት» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ተሽሎት ለነበረ በሽታ ነው፤ ለጥፋት ወይም ለውለታ ቢስነት አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የታወቀ ጽሑፍም ይህንኑ ነው ያመለከተው፤ ከሱስ ሕክምና በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያገረሽባቸው ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲሆኑ፣ የደም ግፊትና የአስም ታካሚዎችም ሕመማቸው የሚነሣባቸው ከዚህ ባላነሰ መጠን ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ያለበትን ሰው ማንም ከክሊኒክ አያባርረውም። ሱስ ያገረሸበትን ሰው «ደንብ ጥሰሃል» ብለው ዕቃውን በር ላይ የሚያስቀምጡ ማዕከላት ግን ዛሬም ሞልተዋል።

ከተለመደው የ28 ቀን ቆይታ ጀርባ ያለው ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። ቁጥሩ ሥር የሰደደው የመድን ድርጅቶች የሚከፍሉት ለዚያን ያህል ቀን ስለነበረ እንጂ አንጎል በ29ኛው ቀን ስለሚድን አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ጉዳት ምርምር ተቋም በመመሪያው ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ለአብዛኛው ሰው ውጤቱ ውስን መሆኑን ሲገልጽ፣ እነዚህ 90 ቀናት በግቢ ውስጥ ማለፍ አለባቸው አላለም። ልብ ያላሉት ብዙዎች ናቸው። አንድ ወር ተኝቶ፣ ሁለት ወር እየተመላለሰ መታከም ሦስት ወር ተዘግቶ ከመቀመጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚፈተንበትን ሰፈር፣ ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር የሚጋጭበትን ምሽት ግቢ ውስጥ አያገኛቸውም።

ወደ መድኃኒት እንምጣ፤ ሳይንሱና የተቋማቱ ልማድ ከሁሉም ይልቅ የተራራቁት እዚህ ነው። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1965 በኒው ዮርክ 22 የሄሮይን ታካሚዎችን ሜታዶን በተባለ መድኃኒት እንዴት እንዳረጋጓቸው ጽፈው አሳተሙ። ሜታዶን ራሱ የኦፒዮይድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራና ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ታካሚው በቀን አንዴ ጠጥቶት ሳይሰክር፣ ሐራራም ሳይዘው ሥራውን ሠርቶ ይውላል። በኋላ የመጣው ቡፕረኖርፊን ደግሞ መጠኑ ሲጨምር ትንፋሽ የማፈን ኃይሉ ከተወሰነ ደረጃ ስለማያልፍ ከሜታዶን ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ፣ ከ1,000 ሰው በዓመት የሚሞተው ሜታዶን እየወሰዱ ካሉት 11 ገደማ፣ ሕክምናውን ካቆሙት ግን 36 ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ሁሉ እያለ «እኛ ዘንድ ሱስ በሱስ አይተካም» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ሰውን ግን ያስገድላል። ሱስ የሚባለው በየቀኑ አንድ ነገር መውሰድ አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወጋውን የስኳር ታማሚ ማንም ሱሰኛ አይለውም። ሱስ የሚባለው ሰው ራሱንና ቤቱን እየጎዳ መሆኑን እያወቀ ማቆም ሲያቅተው ነው። ሜታዶን የሚወስደው ሰው ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ከገባ፣ «ገና አልጸዳህም» የሚለው ድርጅት የሚከላከለው የራሱን መፈክር እንጂ ሰውየውን አይደለም። በነገራችን ላይ «ከሱስ የጸዳ» የሚለውን አነጋገር እኔም ለዓመታት ሳላስብ ተጠቅሜበታለሁ፤ ያልጸዳው ሰው ቆሻሻ ነው ማለቴ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ለአልኮል ናልትረክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን ግን እስካሁን ይህን ያህል የሚያስተማምን መድኃኒት አልተገኘም። ለእነዚህ የተሻለ ውጤት ያሳየው፣ የሽንት ምርመራው ዕፅ ባላሳየ ቁጥር ለታካሚው ትንሽ ሽልማት የሚሰጥ ዘዴ ነው። ሰው ደኅና በሆነ ቁጥር እየተመሰገነ መሸለሙ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ ይሁንና ይሠራል።

ታካሚን ከአንድ ተቋም ለሌላው የማስረከቡን ነገር ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ሙከራ ነው። የኦፒዮይድ ሱስ ያለባቸው 329 ሰዎች ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሲመጡ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የማገገሚያዎች ስም ዝርዝርና ስልክ ተሰጠው። ሁለተኛው አጭር ምክር ተሰጥቶት ከሕክምና ጋር እንዲገናኝ ታገዘ። ሦስተኛው ከምክሩ በተጨማሪ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ቡፕረኖርፊን ጀምሮ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ የሚበቃው መድኃኒት ተሰጠው። በ30ኛው ቀን ሕክምና ላይ የተገኙት ከመጀመሪያው ቡድን 37 በመቶ፣ ከሁለተኛው 45 በመቶ፣ ከሦስተኛው 78 በመቶ ነበሩ። ሰዎቹ በዕጣ ስለተመደቡ ከሌሎቹ ይልቅ «ቆራጥ» ሰዎች የበዙበት ቡድን አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው በሁለት በሮች መካከል ያለውን መንገድ ሰውየው በሐራራ እየተንቀጠቀጠ ብቻውን እንዲሄደው ተደረገ ወይስ አልተደረገ የሚለው ነው። «ፈልጎ ከሆነ ይመጣል» የሚለው የቆየ ብሂል ከዚህ ቁጥር ጋር አይታረቅም።

ከሙያተኞቹ ተቋማት ውጭ ያለውን ክፍተት ለረጅም ጊዜ የሞሉት ሱስን ራሳቸው ያለፉበት ሰዎች ናቸው። ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ሮበርት ስሚዝ የተባለ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ተገናኝተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን፣ ጠጪዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበትን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ ነገር በተለምዶ የሚነሣው አባላቱ ከመጠጥ ለመላቀቅ ከሚከተሏቸው፣ መንፈሳዊ ይዘት ካላቸው አሥራ ሁለት ደረጃዎች ጋር ነው፤ እኔን የሚስበኝ ግን አደረጃጀቱ ነው። ከአባላቱ ውጭ ከማንም ገንዘብ አይቀበልም፣ ስሙን ለሌላ ድርጅት አያውስም፣ በማንኛውም የአደባባይ ክርክር ወገን አይይዝም፣ አባል ለመሆን የሚጠይቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው። ገንዘብና ዝና የሚያበላሹትን ነገር አስቀድሞ ስለዘጋ ብዙ ተቋም በማይቆይበት ሜዳ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ አዲስ የመጣ ሰው ስፖንሰር የሚባል ቀዳሚ አባል ይኖረዋል፤ የስፖንሰሩም ስልክ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይነሣል። አብዛኛው ክሊኒክ ይህን አያደርግም።

ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱ ማኅበሩን በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም፣ በዕጣ ከሚመደቡ ሙከራዎች ጋር የማይስማማ ጠባይ ስላለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ተቋም 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቶ፣ ወደዚህ ማኅበር በተደራጀ መንገድ የሚያስገባ ሕክምና ሙሉ በሙሉ መጠጥ በመተው ረገድ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ለአልኮል ነው፤ ለሌላው ዕፅ ሁሉ እንደ ማስረጃ መጥቀስ አይገባም። መንፈሳዊ ቋንቋው የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ የተባለው ድርጅት ያለዚያ ቋንቋ ይሠራል። አንዱን ከሌላው ማወዳደሩ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሰው የሚሄድበት ነው የሚጠቅመው።

ከስብሰባው ወጥቶ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ደግሞ አለ፤ አብሮት የሚያድረው ሰው የሚጠጣ ከሆነ የስብሰባው ውጤት እስከ ምሽት ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይኖሩበት የነበረው የማገገሚያ ቤት እንደሚዘጋ የተነገራቸው ሰዎች ቤቱን ራሳቸው ተከራይተው ኦክስፎርድ ሃውስን ጀመሩ። በቤቱ ሠራተኛ የለም፤ ነዋሪዎቹ ኪራዩን ይከፋፈላሉ፣ ኃላፊዎችን ይመርጣሉ፣ አዲስ ገቢን በድምፅ ይቀበላሉ፣ ዕፅ ወይም መጠጥ የነካውን ያስወጣሉ። የቆይታ ገደብ የለም። ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ግማሹን ወደዚህ ቤት፣ ግማሹን ወደ ተለመደው ክትትል የመደበ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ ከቤቱ ወገን ዕፅ ወይም መጠጥ የተጠቀሙት 31 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 65 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሥራ ያላቸውም 76 በመቶ ለ49 በመቶ ሆነው ተገኙ። ሐኪም የሌለበት፣ ወጪው የቤት ኪራይ ብቻ የሆነ ነገር ይህን ማስመዝገቡ በውድ ማዕከላት ግቢ ውስጥ ላለው የመዋኛ ገንዳ ትርጉሙ ምን እንደሆነ እንድጠይቅ ያደርገኛል። ያገረሸበትን ማስወጣቱ ግን ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል፤ አልክድም። ሌሎቹን ነዋሪዎች መጠበቅ ግድ በመሆኑ ውሳኔውን እረዳዋለሁ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቦታ በሌለበት ግን ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል።

ራስን በራስ ማገዝ ሁልጊዜ መልካም ሆኖ አይጨርስም። ቻርለስ ዲዴሪች የተባለ የቀድሞ ጠጪ እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ ያቋቋመው ሲናኖን በመጀመሪያ ሄሮይንን ያስተወ ተአምር ተብሎ ተወድሶ ነበር። ዘዴው አባላት ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱን በስድብና በክስ የሚያሽቀጠቅጡበት «ጨዋታ» ነበር። መውጣት እንደ ክህደት ተቆጠረ፤ ድርጅቱ በ1970ዎቹ ራሱን ሃይማኖት ነው ብሎ አወጀ፤ በ1978 አባላቱ ድርጅቱን ከስሶ ባሸነፈ ጠበቃ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ አስገቡበት። በ1991 ፈረሰ። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም፤ ሰውን አዋርዶ፣ ከቤተሰቡ ነጥሎ፣ በጉልበት ሥራ አድክሞ «እንደ አዲስ መሥራት» የሚለው ሐሳብ ከሲናኖን ጋር ስላልሞተ ነው። ታካሚውን በሰንሰለት የሚያስሩ፣ ስልክ የሚከለክሉ፣ ዘመድ እንዳይጠይቀው የሚያደርጉ ቦታዎች በብዙ አገሮች ታይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 አሻሽለው ያወጡት የሕክምና ደረጃ፣ ሕክምና በሰውየው ፈቃድ ላይ መመሥረት እንዳለበትና ከሌላ ሕመም ሕክምና ባነሰ የሥነ ምግባር መለኪያ መታየት እንደማይገባው ደንግጓል።

ገንዘብም የራሱን ጉዳት ያመጣል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ መድን የሚከፍለው ለእያንዳንዱ የሕክምና ዙርና ለእያንዳንዱ የሽንት ምርመራ ስለነበር፣ ታካሚ ላመጣ ደላላ ኮሚሽን የሚከፍሉ ማዕከላት ተፈለፈሉ። ደላላው ወጣቱን ነጻ ማደሪያ አሳይቶ ያስገባዋል፤ የመድኑ ዙር ሲያልቅ መልሶ ቢያገረሽበት አዲስ ዙር ስለሚከፈት፣ አንዳንዱ ደላላ ዕፁን ራሱ እስከ ማቅረብ ደረሰ። የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለውን ኮሚሽን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ተቋሙ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ሲገባ ብቻ ከሆነና ሰው ደኅና ሆኖ ሲቆይ ምንም የማያገኝ ከሆነ፣ በግርጌ ያለችው መስመር ባዶ መቅረቷ አያስደንቅም። ቸልተኝነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በመከላከል ሥራ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ደስ የሚለውንና የሚሠራውን መለየት አለመቻል። እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው ዴር የተባለው ፕሮግራም ፖሊሶችን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ልጆችን ዕፅን «እምቢ» እንዲሉ ያስተምር ነበር። ወላጅ ወደደው፣ ፖሊስ ወደደው፣ መምህር ወደደው። ጥናቶች ግን እየተደጋገሙ ፕሮግራሙን በተማሩትና ባልተማሩት መካከል በዕፅ አጠቃቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤትም በ2003 ይህንኑ ደመደመ። ፕሮግራሙ በኋላ ትምህርቱን ቀይሯል። አስፈሪ ፎቶግራፍ ማሳየትና ያገገመ ሰው መድረክ ላይ አቁሞ ሕይወቱን ማስተረክ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሚዘወተሩት ውጤት ስላላቸው ሳይሆን፣ አዳራሹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞልተው ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ስለሚያስገኙ ይመስለኛል።

በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች ባለፈው አንድ ወር ሰክረው የሚያውቁት 42 በመቶ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። የተሠራው ነገር ስለ መጠጥ ከማስተማር ይልቅ የልጆቹን ምሽት መለወጥ ነበር፤ ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ ተመደበ፣ የወላጆች ኅብረት ተጠናከረ፣ ልጆች ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ ውጭ እንዳይገኙ የሚያግደው ሕግ በሥራ ላይ ዋለ፣ በየጊዜው ተማሪዎች ተጠይቀው መልሱ ለየትምህርት ቤቱና ለየሰፈሩ በፍጥነት ተመለሰ። አገሪቱ ትንሽና ሀብታም ናት፣ በዚያ ዘመን በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች የወጣቶች መጠጥ ቀንሷል፤ ሁሉን ነገር ለፕሮግራሙ መስጠት አይቻልም። ከዚህ ሁሉ ግን መረጃውን በየዓመቱ ለሰፈር ሰው መመለሱ ለሌላውም የሚሆን ይመስለኛል፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅምና።

ቤተሰብ በዚህ ሁሉ መካከል የት አለ? አብዛኛው ድርጅት ወላጅን ወይም የትዳር ጓደኛን የሚያውቀው ክፍያ ሲፈጽም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ሙከራ ግን ሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸው 130 ዘመዶችን በሦስት ዘዴ አሠለጠነ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት እንዲጋፈጠው በተደረገበት ዘዴ ወደ ሕክምና የገቡት 30 በመቶ ነበሩ፤ ዘመዱ ራሱን ብቻ እንዲያረጋጋ በተመከረበት 13 በመቶ፤ ዘመዱ ሰውየው ያልጠጣበትን ሰዓት እንዴት እንደሚያሞቅለት፣ ሲጠጣ ከሚከተለው ጣጣ እንዴት እንደማያድነው፣ ሕክምናን መቼና በምን ቃል እንደሚያነሣለት በተማረበት ግን 64 በመቶ ደረሱ። ጩኸትና ልመና ሁለቱም ያልቻሉትን ነገር አንዲት እናት ቅዳሜ ጠዋት ልጇ ሳይጠጣ ሲነቃ አብራው ቁርስ መብላቷ፣ ማታ ሰክሮ ሲመጣ ደግሞ ሳትከራከር ገብታ መተኛቷ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የሚያስተምራት ሰው ማግኘት ግን ያስፈልጋታል።

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2001 ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት አውጥታ ወደ ደንብ መተላለፍ ስትለውጠው ዓለም ያወራው ስለ ሕጉ ነበር። ሥራውን የሠራው ግን ከሕጉ ጋር የመጣው ነገር ነው። ፖሊስ የያዘው ሰው ፍርድ ቤት በመቅረብ ፋንታ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ካላቸው ሰዎች የተውጣጣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል፤ ችግር ያለበት ከሆነም ኮሚሽኑ ወደ ሕክምና ያገናኘዋል፣ ሕክምናውም በዚያው ወቅት ተስፋፍቶ ስለነበር የሚያገናኘው ነገር ነበረው። ቅጣቱን ብቻ አንሥተው ሕክምናውን ሳያዘጋጁ ይህን ለመኮረጅ የሞከሩ ቦታዎች በኋላ ወደ ኋላ ቢመለሱ አልፈርድባቸውም፤ የወሰዱት ግማሹን ነው።

አንድን ድርጅት ለመመዘን ለሚፈልግ ለጋሽ፣ ለሚያስገባ ቤተሰብ ወይም ለሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት እኔ የምመክረው ጥያቄ «ስንት ሰው አዳናችሁ?» የሚለው አይደለም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰባና ሰማንያ በመቶ ብሎ ይመልሳል፣ የጠፉትን ከሒሳቡ አውጥቶ። ባለፈው ዓመት የወጣውን አንድ ሰው ስም ሸፍነው መዝገቡን እንዲያሳዩ መጠየቅ ይሻላል። ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ደወለለት? ስልኩን ካላነሣ ማን ሄዶ አየው? ናሎክሶን፣ ማለትም ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ትንፋሽ የሚመልሰውን መድኃኒት፣ ተሰጥቶት፣ አብሮት የሚኖረው ሰውስ አጠቃቀሙን ተምሮ ነበር? መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ቀጣዩ ክሊኒክ ተረክቦታል? ባገረሸበት ጊዜ ተመልሶ የሚገባበት አልጋ ነበረ ወይስ ወረፋው መጨረሻ ተሰለፈ?

እነዚህን መመለስ የሚችሉ ቦታዎች አሉ፤ አሠራራቸውም ውድ አይደለም። መውጫው ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ሱስን ራሱ ያለፈበት፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሠራተኛ ታካሚውን ይተዋወቀዋል። የመውጫው ቀን ጠዋት አማካሪዋ ታካሚው አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ለክሊኒኩ ትደውላለች፤ የሚቀበለውን ነርስ ስም በወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፤ ስልኩንም ለእሱ ታቀብለውና ሁለቱ ይነጋገራሉ። ከዚያ ሠራተኛው አብሮት ይወጣል። መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር በሩ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልኩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያዩ መሰረዝ ነው። አንዳንዱ ቁጥር ላይ ጣቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሠራተኛው አያቻኩለውም።